መጽሐፍ ቅዱስን ማን ጻፈው? የድሬዳዋና የሐረር አንባቢያን ጥያቄዎች

በጸሎተ ሃይማኖት ስለ መንፈስ ቅዱስ «ዘነበበ በነቢያት»፣ በነቢያት የተናገረ፣ እንላለን። እንዴት እንደ ተናገረ ግን ብዙ ጊዜ አንጠያየቅም። በዚህ ወር ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱን ደብዳቤዎች የሚያጠነጥኑት በዚሁ ላይ ነው። ጠያቂዎቹ ኦርቶዶክሶችም፣ ካቶሊኮችም፣ ወንጌላውያንም ናቸው። አብያተ ክርስቲያናቱ የሚስማሙበትን በአንድነት መልሰናል፤ የሚለያዩበትንም ልዩነቱን ሳንሸፋፍን አስቀምጠናል።

ጥያቄ፦ (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ፤ የኮሌጅ ተማሪ) ሰባኪያችን «ነቢያትና ሐዋርያት ብዕር ብቻ ነበሩ፤ ቃል በቃል ነው የተነገራቸው» ብሎ አስተማረ። እኔም «ጳውሎስ በርኖሴን አምጣልኝ ብሎ የጻፈውስ? በርኖስ የፈለገው መንፈስ ቅዱስ ነው?» ብዬ ብጠይቅ ተሳቀብኝ። በቁም ነገር ነው የጠየቅሁት።

መልስ፦ በድሬ ደንብ «አንተ» እንበልህ። ጥያቄህ ቁም ነገር ነው፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥13ን ሳይዘል የሚያነብ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነው። «የእግዚአብሔር መንፈስ ያለበት መጽሐፍ ሁሉ» ለትምህርትና ለተግሣጽ ይጠቅማል የሚለው የታወቀ ቃል የሚገኘው በዚያው ደብዳቤ፣ አንድ ምዕራፍ ቀደም ብሎ ነው (3፥16)። ሁለቱ በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ተጎራብተው እያሉ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን መሳቂያ ማድረግ አይቻልም።

ጸሐፊዎቹ እንዴት እንደ ሠሩ ራሳቸው ነግረውናል። ሉቃስ በወንጌሉ መግቢያ (1፥1–4) ራእይ አየሁ አይልም። ከእርሱ በፊት ብዙዎች ታሪኩን ለማዘጋጀት እንደ ሞከሩ፣ ነገሩ በዓይን ካዩ ሰዎች እንደ ተላለፈ፣ እርሱም ሁሉን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከትሎ በየተራው እንደሚጽፍ ይናገራል። ይህ የመርማሪ ሥራ ነው። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 1፥14–16 ከቀርስጶስና ከጋይዮስ በቀር ማንንም አላጠመቅሁም ይልና፣ ወዲያው የእስጢፋኖስ ቤተ ሰዎች ትዝ ይሉታል፤ ከዚያ ሌላ ማጥመቁን እንደማያውቅም ይጨምራል። ቃል በቃል እየተነገረው የሚጽፍ ሰው ራሱን መሃል ላይ አያርምም። የሮሜን መልእክት ደግሞ ጳውሎስ ተናገረው እንጂ በእጁ የጻፈው ጤርጥዮስ ነው፤ በ16፥22 የራሱን ሰላምታ አስገብቷል።

በሌላ በኩል በትእዛዝ የተጻፈም አለ። ኤርምያስ እየተናገረ ባሮክ ጻፈ። ንጉሡ ኢዮአቄም ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር በብርዕ መቁረጫ እየቀደደ እሳት ላይ ጣለው፤ ክርታሱ እንደገና ሲጻፍ የቀድሞው ሁሉ ተመለሰ፤ እንደ እርሱ ያለ ብዙ ቃልም ተጨመረበት (ኤር. 36፥32)። በራእይ ምዕራፍ 2 እና 3 ያሉት ሰባቱ መልእክቶችም «ጻፍ» ተብሎ የተጻፉ ናቸው። ዕብራውያን 1፥1 እግዚአብሔር በብዙ ዓይነትና በብዙ ጎዳና ተናገረ ይላል። ሰባኪያችሁ የሳቱት ከጎዳናዎቹ አንዱን ወስደው የሁሉም በማድረጋቸው ነው።

ብዙውን ውዥንብር የሚፈጥረው መገለጥንና መነዳትን አንድ ማድረግ ነው። መገለጥ ሰው በራሱ ሊያውቀው የማይችለውን እግዚአብሔር ሲያሳየው ነው፤ የዳንኤልና የዮሐንስ ራእዮች እንዲህ ናቸው። መነዳት ግን ጸሐፊው ያየውን፣ የሰማውን፣ የመረመረውን ወይም ያዘነበትን ሲጽፍ መንፈስ ቅዱስ አብሮት መሥራቱ ነው። ሉቃስ ሁለተኛው አለው፤ ለመጻፍ የመጀመሪያው አላስፈለገውም። ዳዊት መዝሙር 51ን (በግእዙ 50) ሲጸልይ አዲስ ምሥጢር አልተነገረውም፤ ኀጢአቱን ተናዘዘ።

«ብዕር ብቻ» የሚለው አሳብ ደግሞ አዲስ አይደለም። በሁለተኛው መቶ ዓመት በፍርግያ የተነሣው ሞንታኖስ ሰው እንደ በገና ነው፣ መንፈስ ይደረድረዋል፣ ሰውየው ተኝቷል ይል ነበር። የዘመኑ የቤተ ክርስቲያን መምህራን የተቃወሙት ትንቢት የለም ብለው አይደለም፤ እውነተኛ ነቢይ አእምሮውን አይስትም ብለው ነው። ጳውሎስም «የነቢያትም መናፍስት ለነቢያት ይገዛሉ» ይላል (1ቆሮ. 14፥32)።

ወደ በርኖሱ እንመለስ። በርኖስ ያስፈለገው እስረኛው ጳውሎስን ነው፤ በዚያው ምዕራፍ ቁጥር 21 ጢሞቴዎስ ከክረምት በፊት እንዲደርስ ይለምነዋል። ክርስቲያኖች የሚያምኑት ደብዳቤው ከነልመናው እንዲደርሰን መንፈስ ቅዱስ መፍቀዱንና መምራቱን ነው። የጳውሎስ ብርድ እውነተኛ ብርድ ባይሆን ኖሮ፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ «ጌታ ግን በእኔ አጠገብ ቆመ» የሚለው ምስክርነት ምን ክብደት ይኖረው ነበር?

ጥያቄ፦ (ከአራተኛ፣ ሐረር) የሥራ ባልደረባዬ ሙስሊም ነው፤ የሚጠይቀኝ በቅን ልብ ነው። «ቁርኣን ከአላህ የወረደ ነው። እናንተ ግን ማቴዎስ ጻፈ፣ ሉቃስ ጻፈ ትላላችሁ። ታዲያ የአምላክ ቃል ነው የሰው?» ይለኛል። እኔም እንዳልሸነፍ «የእኛም ወርዷል» እለዋለሁ። ልክ ነኝ?

መልስ፦ አይደሉም። ነገሩ መሸናነፍ ከሆነ አይቀር፣ በራስዎ መጽሐፍ የሌለውን ቃል ተበድረው መሸነፍዎ ነው።

በእስልምና እምነት ቁርኣን በመልአኩ ጂብሪል በኩል ለነቢዩ ሙሐመድ በ23 ዓመት ገደማ ጊዜ ውስጥ የወረደ የአላህ ንግግር ነው፤ ነቢዩ ተቀባይና አድራሽ እንጂ ደራሲ አይደሉም። የክርስትናው መጽሐፍ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በሚረዝም ጊዜ እረኛም፣ ንጉሥም፣ ካህንም፣ ዓሣ አጥማጅም፣ ሐኪምም ጽፎበታል። አብዛኛው ብሉይ በዕብራይስጥ፣ የዳንኤልና የዕዝራ ከፊል በአራማይክ፣ ሐዲስ በግሪክ ነው። «የአምላክ ነው የሰው?» ለሚለው ክርስቲያናዊው መልስ «የሁለቱም» ነው፤ ግማሽ ለግማሽ ተከፍሎ ግን አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1965 እ.ኤ.አ. በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስትናገር እግዚአብሔር ደራሲው ነው፣ ሰዎቹም እውነተኛ ደራሲዎች ናቸው ብላለች። ኦርቶዶክሱም ወንጌላዊውም በዚህ አይጣላም።

ከዚህ የሚበልጠው ነጥብ ሌላ ነው። ክርስቲያን «ቃል» ሲል በመጀመሪያ ደረጃ መጽሐፍ ማለቱ አይደለም። «ቃልም ሥጋ ሆነ» (ዮሐ. 1፥14)፤ ቃሉ ክርስቶስ ነው፤ መጽሐፉ የእርሱ ምስክር ነው። ስለዚህ «ወረደ» የሚለውን ግስ ክርስቲያን የሚጠቀመው ስለ ክርስቶስ ነው፤ በጸሎተ ሃይማኖትም «ወረደ እምሰማያት» የምንለው ስለ ወልድ እንጂ ስለ መጽሐፍ አይደለም። ባልደረባዎ ቁርኣንን ከወንጌል ጋር ሲያነጻጽር እርስዎም ያንኑ ካነጻጸሩ ትተላለፋላችሁ።

በጎረቤታሞች መካከል ሌላም የሚያደናግር ነገር አለ። የቁርኣን ትርጉም ፍቺው እንጂ ቁርኣን ራሱ ተደርጎ አይወሰድም፤ ሶላት በዓረብኛ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ግን ተተርጉሞም መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ የሐዲስ ጸሐፊዎች ራሳቸው ብሉይን ሲጠቅሱ ብዙ ጊዜ የሚጠቅሱት የግሪኩን ትርጉም ነው። በሐረርና በድሬዳዋ በግእዝ ቢነበብ፣ በአማርኛ ቢነበብ፣ አናሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞበት በ1899 እ.ኤ.አ. ባሳተመው በኦሮምኛውም ቢነበብ በቅዳሴና በአምልኮ «የእግዚአብሔር ቃል» ይባላል። ይህን ለባልደረባዎ በረጋ ቃል ካስረዱት ቢያንስ የት ላይ እንደምትለያዩ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። ከስንት ክርክር ይሻላል።

ጥያቄ፦ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ፤ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህርት) አንድ የ13 ዓመት ተማሪዬ ንጉሥ አካዝያስ ሲነግሥ በነገሥት 22 ዓመቱ፣ በዜና መዋዕል ግን 42 ዓመቱ እንደ ነበረ አሳየኝ። «መንፈስ ቅዱስ ይሳሳታል እንዴ?» አለኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እነግርሃለሁ ብዬ አለፍኩት። ምን ልንገረው?

መልስ፦ ልጁ በደንብ አንብቧል፤ ይህን አስቀድመሽ ንገሪው። ከዚያ መልሱን ራሱ እንዲያገኘው አድርጊ፤ አንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ሰሌዳው ላይ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሥሪ፤ ጥቅሱ፣ ንጉሡ፣ ሲነግሥ ዕድሜው፣ የገዛበት ዘመን። ልጆቹን በአራት ቡድን ከፍለሽ 2ኛ ነገሥት 8፥16–17ን፣ 2ኛ ነገሥት 8፥25–26ን፣ 2ኛ ዜና 21፥20ን እና 2ኛ ዜና 22፥1–2ን አስነብቢ። (በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር 2ኛ ነገሥት የሚባለው ነገሥት ራብዕ ነው፤ የቤታቸውን መጽሐፍ ይዘው የሚመጡ ልጆች እዚህ ላይ ይጠፋሉ።) ሠንጠረዡ ሲሞላ እንዲህ ይወጣል፤ አባትየው ኢዮራም በ32 ዓመቱ ነግሦ 8 ዓመት ገዝቶ ሞተ፤ ሲሞት 40 ዓመቱ ነው። በምትኩ የነገሠው ልጁ አካዝያስ ነው። 42 ዓመት ከሆነው ከአባቱ በሁለት ዓመት ሊበልጥ ነው! በዚያ ላይ 2ኛ ዜና 22፥1 አካዝያስ የኢዮራም ታናሹ ልጅ ነበር ይላል። ልጆቹ ይስቃሉ፤ ይሳቁ። የዜና መዋዕል ጸሐፊ የአባትየውን ዕድሜ በ21፥20 ጽፎ ከሁለት መስመር በኋላ ልጁን ከአባቱ አያስበልጥም። ስለዚህ 42 ከጸሐፊው የመጣ ሳይሆን ከገልባጭ እጅ የገባ ነው፤ የሱርስቱ (የጥንታዊው የሶርያ ቋንቋ) ትርጉም እዚያው ቦታ ላይ 22 ይላል።

የዮአኪንም ጉዳይ እንዲሁ ነው። 2ኛ ነገሥት 24፥8 የ18 ዓመት ጎልማሳ ሲለው በዕብራይስጡ 2ኛ ዜና 36፥9 የ8 ዓመት ልጅ ነው። 2ኛ ነገሥት 24፥15 ግን ሲማረክ ሚስቶቹ አብረው እንደ ተማረኩ ይናገራል። የስምንት ዓመት ልጅ ሚስቶች የሉትም።

የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚው ለሄሮኒሞስ በጻፈው ደብዳቤ ለዚህ የሚሆን ደንብ አስቀምጧል። በቅዱሳት መጻሕፍት እውነት የማይመስል ነገር ሲገጥመው ከሦስት አንዱን ያስባል፤ ወይ ቅጂው ተበላሽቷል፣ ወይ ተርጓሚው አልተረዳውም፣ ወይ እኔ አልገባኝም። ሦስቱን በዚህ ቅደም ተከተል መፈተሽ መልካም ልማድ ነው። በእኛ ግምት ግን ለብዙ አንባቢ ሦስተኛው ቀድሞ ቢመጣ ይሻላል፤ አብዛኛው «ግጭት» የሚፈታው እዚያ ነውና። ለምሳሌ በማቴዎስ 8፥5 የመቶ አለቃው ራሱ ወደ ጌታ ቀረበ፤ በሉቃስ 7፥3 የአይሁድን ሽማግሌዎች ላከ። ሽምግልና የሚላክበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ አያስቸግርም፤ በላከው አፍ የተናገረው ላኪው ነው። የማርቆስ 1፥2 ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የቆዩት ቅጂዎች «በነቢዩ በኢሳይያስ» ይላሉ፤ የመጀመሪያው ጥቅስ ግን የሚልክያስ ነው። ሁለት ነቢይ ሲጠቀስ በዋነኛው ስም መጥራት የተለመደ ነበር፤ በኋላ የመጡ ገልባጮች ስህተት መስሏቸው «በነቢያት» ብለው አቃኑት። ገልባጭ ሁልጊዜ በስንፍና አይስትም፤ ለመርዳት ሲልም ይስታል።

ሦስት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ጠምዝዞ ማስታረቅ ነው፤ 42ቱን ከዘንበሪ ቤት መንገሥ ጀምሮ የተቆጠረ ነው የሚሉ አሉ፤ ሌላ የትኛውም ንጉሥ ግን እንዲህ አልተቆጠረም። (ዘንበሪ ያልነው የአክዓብን አባት ነው።) ሁለተኛው መደበቅ ነው፤ ልጁ ነገ ስልኩ ላይ ያገኘዋል፤ ያኔ የሚያጣው የአካዝያስን ዕድሜ ሳይሆን አንቺን ነው። ሦስተኛው «እንግዲያው ሁሉም ውሸት ነው» ብሎ መዝለል ነው፤ ስህተቱን ያጋለጠው ራሱ መጽሐፉ እንደ ሆነ አሳዪው።

አብያተ ክርስቲያናቱ እዚህ ላይ አንድ ዓይነት አይናገሩም። በ1978 እ.ኤ.አ. በቺካጎ የተሰበሰቡ ወንጌላውያን አለመሳሳት በቀጥታ የሚመለከተው ጸሐፊዎቹ የጻፉትን የመጀመሪያውን ጽሑፍ ነው ብለዋል፤ ያ ጽሑፍ ግን ዛሬ በእጃችን የለም፤ ያሉን የግልባጭ ግልባጮች ናቸው። ከላይ ያነሣነው የካቶሊኮች የሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ሰነድ መጽሐፉ ያለ ስህተት የሚያስተምረው እግዚአብሔር ለመዳናችን እንዲጻፍ የፈለገውን እውነት ነው ይላል። በእኛ አገር የአንድምታ (የባህላዊው የመጻሕፍት ትርጓሜ) ጉባኤ ደግሞ መምህሩ የንባብ ልዩነት ሲያጋጥመው «እንዲህ የሚልም አብነት አለ» ብሎ ሁለቱንም ይተረጉማል እንጂ አይደነግጥም። ለ13 ዓመት ልጅ የሦስተኛው መንገድ እርጋታ የሚስማማው ይመስለናል።

ጥያቄ፦ (ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ) በአንድ ግቢ የምንኖር ሦስት ቤተሰቦች ነን። የእኛ 81፣ የካቶሊኮቹ 73፣ የጴንጤዎቹ 66 ነው። መንፈስ ቅዱስ ያጻፈው ስንቱን ነው? መጽሐፈ ሄኖክስ?

መልስ፦ መጀመሪያ የማትጣሉበትን ቁጠሩ። ሐዲስ ኪዳን ላይ 27ቱ መጻሕፍት የሦስታችሁም ናቸው፤ 27ቱን ብቻ ለይቶ የዘረዘረ እስከ ዛሬ የደረሰን ጥንታዊ ጽሑፍ የእስክንድርያው አትናቴዎስ በ367 እ.ኤ.አ. የላከው የፋሲካ ደብዳቤ ነው። ከብሉይም 39ኙ የጋራ ናቸው። 66 የሚባለው ይኸው ነው።

ካቶሊኮች የሚጨምሩት ሰባት ነው፤ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ጥበብ፣ ሲራክ፣ ባሮክና ሁለቱ መቃብያን፤ በአስቴርና በዳንኤል ላይም ተጨማሪ ክፍሎች። በትሬንት ጉባኤ በ1546 እ.ኤ.አ. አጽንተውታል። ሉተር በ1534 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሙሉ ትርጉም እነዚህን ለይቶ በሁለቱ ኪዳናት መካከል አስቀመጣቸው፤ ከቅዱሳት መጻሕፍት እኩል ባይሆኑም ለማንበብ መልካምና ጠቃሚ ናቸው ብሎ። «ፕሮቴስታንት ቀደዳቸው» የሚለው የግቢ ወሬ ልክ አይደለም።

የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 ሁለት አቆጣጠር አለው። አንደኛው 46 ብሉይና 35 ሐዲስ ነው፤ 35 የሚሆነው በ27ቱ ላይ ስምንት የሥርዓት መጻሕፍት ሲጨመሩ ነው፤ አራቱ ሲኖዶሶች (ሥርዓተ ጽዮን፣ ትእዛዝ፣ ግጽው፣ አብጥሊስ)፣ ሁለቱ መጽሐፈ ኪዳን፣ ቀሌምንጦስና ዲድስቅልያ። ሌላው 54 ብሉይና 27 ሐዲስ ነው። ስለዚህ ሁለት ኦርቶዶክሶች «81» እያሉ የተለያየ ዝርዝር ሊያነቡ ይችላሉ። ሌላም መሰናክል አለ፤ የእኛ ሦስቱ መቃብያን ከካቶሊኮቹ መቃብያን ጋር ስማቸው እንጂ ይዘታቸው አንድ አይደለም። አንዱን ገልጦ ሌላውን መጥቀስ በየግቢው የሚታይ ነገር ነው።

ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1773 እ.ኤ.አ. ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ እስኪያደርስ ድረስ ምዕራባውያን የሚያውቁት ቁርጥራጩን ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች የአራማይክ ብጣሾቹ፣ በ81ዱ ውስጥ ያለው የመጽሐፈ ኩፋሌም የዕብራይስጥ ብጣሾች ተገኙ። ኩፋሌና አብዛኛው የሄኖክ ክፍል ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ መሆናቸው ያኔ አከራካሪ መሆኑ ቀረ። ይሁዳ በመልእክቱ ቁጥር 14 እና 15 የጠቀሰው ቃልም በሄኖክ 1፥9 ይገኛል።

እዚህ ላይ ግን የእኛ ሰዎች የሚወዱት አንድ ክርክር አለ፤ «ይሁዳ ስለ ጠቀሰው ሄኖክ ቅዱስ መጽሐፍ ነው» የሚለው። ብቻውን አይቆምም። ጳውሎስ በአቴና የአረማውያንን ባለ ቅኔ ጠቅሷል (ሐዋ. 17፥28)፤ በቲቶ 1፥12 የቀርጤስን ሰው ጠቅሷል፤ ማንም የእነርሱን መጽሐፍ በቅዳሴ አያነብም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሄኖክን የተቀበለችው ከጥንት ጀምሮ በጉባኤዋ ስላነበበችው፣ ስለ ተረጎመችውና ስለ ጠበቀችው ነው። ይህ ጠንካራ ምክንያት ነው፤ በደካማው መደገፍ አያስፈልገውም።

«ስንቱን አጻፈ?» ለሚለው፣ ሦስቱም ወገኖች መንፈስ ቅዱስ የሠራውን ቤተ ክርስቲያን ታውቀዋለች እንጂ አትፈጥረውም በሚለው ይስማማሉ። የሚለያዩት በምን ትታወቃለች በሚለው ነው። አንዱ ወገን የዕብራውያንን ዝርዝር ይይዛል፤ ሌላው ጥንታዊት ቤተ ክርስቲያን በግሪኩ ያነበበችውን፤ የእኛው ደግሞ በአክሱም ዘመን ተተርጉሞ በቅዳሴና በጉባኤ የኖረውን። በግቢያችሁ አብራችሁ ስትጸልዩ ከጋራዎቹ አንብቡ፤ ሲራክን ለብቻችሁ ስታነቡ ደግሞ የሚያፍርበት የለም።

ጥያቄ፦ (ከሐረር፣ ፈረስ መጋላ አካባቢ) እናቴ የተዉልኝ የብራና ዳዊት አለ። የመዝሙሩ ቁጥር ከአማርኛው አይገጥምም፤ በየኅዳጉ ተጽፏል፣ የተፋቀ ቦታም አለ። መጨረሻው ላይ ውዳሴ ማርያም አለበት። የተበላሸ ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ የደህና ዳዊት ምልክቱ ይኸው ነው። ቁጥሩ የማይገጥመው ግእዙ የግሪኩን አከፋፈል ስለሚከተል ነው። በዕብራይስጡ 9 እና 10 የሆኑት በግእዙ አንድ ናቸው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ 146 ድረስ በአብዛኛው በአንድ ይቀንሳል። «እግዚአብሔር ይሬእየኒ» የሚለውን በ23 ሳይሆን በ22 ይፈልጉት። መጨረሻ ላይ 151ኛ መዝሙር ያገኛሉ። ተከትለው የሚመጡት ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ከቅዱሳት መጻሕፍት የተወሰዱ ናቸው፤ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን ግን ለጸሎት አብረው የተጠረዙ ድርሰቶች ናቸው። በአንድ ገበታ መካከል መጠረዝ አንድ ዓይነት ሥልጣን አይሰጥም። ወደ ቁልቢ ስትወጡ የምትሰሙት ድርሳነ ገብርኤልም እንዲሁ ከአዋልድ መጻሕፍት ነው፤ አሥራው ከሚባሉት ከ81ዱ አይደለም።

የተፋቀው ቦታ ጸሐፊው ስህተቱን በቢላዋ ፍቆ ያረመበት ነው፤ ከመስመር በላይ በትንሹ የተጻፈው ዘልሎት የነበረው ቃል ነው። ያረመ ጸሐፊ ካላረመው ይታመናል። እርስዎ ግን በእስክሪብቶ አያርሙበት፤ የተቀደደውን በፕላስተር አያጣብቁ፤ ብራናውን ዘይት አይቀቡት፤ ከነማኅደሩ ፀሐይና እርጥበት በማያገኘው ቦታ ያኑሩት።

ጥያቄ፦ (ከቀፊራ፣ ድሬዳዋ፤ የባጃጅ ሾፌር) የምዕራፍና የቁጥር አከፋፈሉ፣ በቀይ የተጻፈውስ ከመንፈስ ቅዱስ ነው?

መልስ፦ የለም። የዛሬው የምዕራፍ አከፋፈል በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የእንግሊዛዊው ሊቀ ጳጳስ የስቴፈን ላንግተን ሥራ ነው፤ የሐዲሱን ቁጥር ፈረንሳዊው አታሚ ሮቤር ኤስቲየን በ1551 እ.ኤ.አ. አወጣው። የጌታን ቃል በቀይ ማተም የተጀመረው በ1899 እ.ኤ.አ. ነው፤ በብራናዎቻችን ያለው ቀይ ቀለም ግን ሌላ ነው፣ ቅዱሳት ስሞችን ለማክበር ነው። በየምዕራፉ አናት ያሉት አርእስቶችም የአሳታሚ ናቸው። ባጃጅህ ላይ «ሁሉን እችላለሁ» የሚለው ፊልጵስዩስ 4፥13 ከተለጠፈ ቁጥር 12ን አብረህ አንብበው፤ የሚናገረው መራብንና መጥገብን፣ ማጣትንና ማግኘትን ስለ መቻል ነው።

ጥያቄ፦ (ከለገሃሬ፣ ድሬዳዋ) አንድ አገልጋይ «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» ብሎ ቤቴን ሸጬ ሌላ ከተማ እንድሄድ ነገረኝ። መንፈስ ቅዱስ ትናንት ከተናገረ ዛሬ አይናገርም ማለት እችላለሁ?

መልስ፦ እንዲያ ማለት አያስፈልግዎትም። ዛሬም ይናገራል የሚሉ አብያተ ክርስቲያናት እንኳ አንድ ነገር ይለያሉ፤ ነቢያትና ሐዋርያት የጻፉት መመዘኛ ነው፤ ዛሬ የሚነገረው ተመዛኝ ነው። ጳውሎስ «ትንቢትን አትናቁ» ባለበት ትንፋሽ «ሁሉን ፈትኑ» ብሏል (1ተሰ. 5፥20–21)። በ1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ሁለት ወይም ሦስት ይናገሩ፣ ሌሎቹ ይለዩ ይላል፤ ነቢዩ ራሱ የራሱ ዳኛ አይደለም። ዘዳግም 18፥22 ደግሞ በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ካልሆነ እግዚአብሔር ያልተናገረው ነው ይላል።

ስለዚህ ሰውየው የተናገረውን ቃል በቃል፣ ቀኑን ጨምረው ይጻፉት፤ ከሳምንት በኋላ «እንዲህ አላልኩም» እንዳይባል። ብቻዎን አይወስኑ፤ የንስሐ አባትዎ ወይም የቤተ ክርስቲያንዎ ሽማግሌዎች፣ ቤተሰብዎም ባሉበት ይነበብ። ከሽያጩ ተናጋሪው ወይም ዘመዱ የሚያገኘው ነገር እንዳለ ይጠይቁ። መቸኮል ካለበት፣ «ለማንም አትንገር» ካለበት፣ ይተዉት። ሌሎች እንዲለዩት የታዘዘውን ነገር ምሥጢር የሚያደርገው ሰው በ1ኛ ቆሮንቶስ 14 ወድቋል፤ የቤቱን ካርታ ከመሳቢያው ማውጣት አያስፈልግዎትም።